ስለ ባለ ቀለበት ልጓም፤ የጦር ፈረስና የግራ እጅ ታሪክ

ፈረስ በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ስላገኘው ስፍራ ብዙ ተጽፏል። ስለ ልጓም ግን የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። ኮርቻው በብር ሲለበጥ፥ ግላሱ በሐር ሲጠለፍ፥ ልጓም ከፈረሱ አፍ ገብቶ የሚደበቅ ቁራጭ ብረት ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስን ነጭ ፈረስ ያየን ሁሉ የዛቡን ቀለም፥ የአንገቱን ጌጥ፥ በባዶ እግሩ አውራ ጣት የተያዘችውን ትንሽ እርካብ ሳይቀር እናስታውሳለን። ከአፉ ውስጥ ያለውን ብረት ግን ሠዓሊው ሊያሳየን አይችልም። ሆኖም ፈረሰኛውና ፈረሱ የሚነጋገሩት፥ ሲጣሉም የሚጣሉት፥ በዚሁ በማይታየው ብረት ላይ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ከልጓም ዐይነቶች ሁሉ ብርቱ ከሚባሉት አንዱን፥ በአገራችን የጥንት ፈረሰኞች ዘንድ የተለመደውን ባለ ቀለበት ልጓም ነው። ይህን ልጓም ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ ይዞ ያገላበጠ ሰው ከሁለት ሐሳብ በአንዱ ላይ ይወድቃል። ወይ «የጥንት ሰዎች ለእንስሳ አይራሩም ነበር» ይላል፤ ወይም «የጥንቱ ፈረስ ያልተገራ ክፉ ፈረስ ነበር» ይላል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። የልጓሙ ብርታት የሚነግረን ስለ ፈረሱ ጠባይ ሳይሆን ስለ ፈረሰኛው እጅ ነው ብለን እናምናለን፤ ይኸውም ቀኝ እጁ ጦር ስለ ያዘ፥ ግራ እጁም ከጋሻው ጋር ዛቡን አንድ ላይ መጨበጥ ስለ ነበረበት ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የፈረስን አፍ ማወቅ ያስፈልጋል። በፈረስ የፊት ጥርሶችና የመንጋጋ ጥርሶች መካከል ጥርስ የሌለበት ባዶ ድድ አለ። (በወንዱ ፈረስ አንድ ክራንቻ በዚያ አካባቢ ይበቅላል፤ በባዝራ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም።) ይህ ባዶ ስፍራ ባይኖር ኖሮ ልጓም የሚባል ነገር ባልታሰበ፥ የዓለምም ታሪክ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። የድዱ ቆዳ ስስ ነው፤ ከቆዳው ሥር ያለው የታችኛው መንጋጋ አጥንትም በዚያ ቦታ ጠባብና ጠርዛማ ነው። ስለዚህ በብረትና በአጥንት መካከል የሚጨመቀው ሥጋ እጅግ ጥቂት ነው።

ልጓም ይህን ስፍራ የሚይዝበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። ቀላሉ ልጓም ከመካከሉ የሚታጠፍ ወይም ቀጥ ያለ ለስላሳ ብረት ሲሆን፥ ዛቡ በሁለቱ ጫፎች ላይ ይታሰራል። ፈረሰኛው 3 ኪሎ ያህል ቢስብ ፈረሱ የሚሰማው ያንኑ 3 ኪሎ ነው፤ የሚሰማውም በምላሱና በከንፈሩ ጥግ ላይ ነው። ሁለተኛው ዐይነት ክንድ ያለው ልጓም ነው። ከአፍ ውጭ በግራና በቀኝ ሁለት የብረት ክንዶች ይወርዳሉ፤ ዛቡ ከክንዶቹ ጫፍ ይታሰራል፤ ከአገጩ ሥር ደግሞ ሰንሰለት ያልፋል። የላይኛው ክንድ 5 ሳንቲ ሜትር፥ የታችኛው 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ በእጅ የተሳበው 3 ኪሎ ከአገጩ ሥር 6 ኪሎ ሆኖ ይጠብቃል። ድንጋይ በዘንግ ፈንቅሎ የሚያነሣ ገበሬ ይህን ሥራ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

ባለ ቀለበቱ ልጓም ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል። ከአፍ ውስጥ በሚገባው ብረት መካከል ወደ ላይ የቆመ ቅስት አለ። ከዚህ ቅስት ጫፍ አንድ ድፍን የብረት ቀለበት ይንጠለጠልና የፈረሱን የታችኛ መንጋጋ ዙሪያውን ያቅፋል። ዛቡ ሲሳብ ቅስቱ ወደ ላንቃው ይነሣል፤ ቀለበቱም በዚያው ቅጽበት ከአገጩ ሥር ይጨመቃል። መንጋጋው ከላይና ከታች እንደ ጉጠት ይያዛል ማለት ነው። ሰንሰለት ይረዝማል፥ ያጥራል፤ ቀለበት ግን ከእሳት እንደ ወጣ ይቀራል። ጠባብ ከሆነ ዛቡ ሳይሳብ እንኳ ይቆነጥጣል፤ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ጉልበት የለውም። ስለዚህ ደግ ልጓም የሚሆነው ለዚያ ፈረስ መንጋጋ የተሠራው ብቻ ነው። ይህን የሚሠራው ደግሞ ባለ እጁ ነበር። ያ ባለ እጅ በገበያ ሲፈለግ በማኅበር ግን ሲሸሽ የኖረ፥ «ቡዳ» እየተባለ የተሰደበ ሰው ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱበት ነገር መሆኑን እናውቃለን። ጌታው በፈረስ ላይ ሆኖ ነፍሱን አደራ የሚሰጠው፥ አብሮት ማዕድ ለማይቆርሰው ሰው ቀለበት ነበር።

ይህ ልጓም የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በመምሉኮች ዘመን በግብፅ፥ በቱርኮች አገር፥ በሰሜን አፍሪካም ይሠራበት ነበር። ከሰሜን አፍሪካ ወደ እስፓኝ ተሻግሮ እርካቡን አሳጥሮ በፍጥነት ከሚዞረው ፈረሰኛ ጋር ጸና፤ ከእስፓኝም ወደ አሜሪካ አለፈ። ስሙም ዘመድ አለው፤ እኛ ልጓም ስንል ዐረቡ ልጃም፥ ፋርሱም ልጋም ይላል። አንድ መሣሪያ ይህን ያህል አገር ሲያዳርስ የሚያዳርሰው ጭካኔ ሳይሆን አንድ ዐይነት የሥራ ፍላጎት ነው። በእነዚህ አገሮች ሁሉ ያለው ፈረሰኛ ቀላል መሣሪያ ይዞ ወደ ጠላቱ በሩጫ የሚደርስ፥ ወርውሮ ወይም መትቶ በቅጽበት የሚመለስ፥ ዛቡንም በአንድ እጅ ብቻ የሚይዝ ነው።

በአገራችን ደግሞ በዚህ ላይ የሚጨመር አንድ ልዩ ነገር አለ፤ የእኛ አስተያየት በዋናነት የሚቆመውም በእርሱ ላይ ነው። የጥንቱ ባላባት በረጅም መንገድ የሚቀመጠው በሰጋር በቅሎ ላይ እንጂ በጦር ፈረሱ ላይ አልነበረም። ፈረሱን አሽከር እየሳበ ከኋላ ያስከትላል፤ ጌታው በቅሎውን ትቶ ፈረሱን የሚወጣው ጠላት ሲቃረብ ነው። ይህን ልማድ ስናስብ ልጓሙ በሌላ ብርሃን ይታያል። ለብዙ ቀን ሰው ሳይወጣበት የተጎተተ፥ ገብስ የበላ፥ ያረፈ ድንጉላ፥ ነጋሪት ሲጎሰምና ሰው ሲፎክር በሰማበት ሰዓት በድንገት ኮርቻው ላይ ሰው ይወጣበታል። በየቀኑ በእርሻና በመንገድ የሚሠራ ፈረስ ቢሆን ቀላል ልጓም በበቃው ነበር። ይህ ግን በዕረፍቱ የተቈጣ ፈረስ ነው። የተገራ ቢሆንም በዚያች ሰዓት ያልተገራ ይመስላል።

በዚህ ላይ የእርካቡ ነገር አለ። ፈረሰኛው በእርካቡ ውስጥ የሚያስገባው አውራ ጣቱን ብቻ ስለ ነበር፥ ጫማ እንደ ለበሰው የአውሮጳ ወታደር ሙሉ እግሩን ረግጦ ወደ ኋላ ተጋድሞ መሳብ አይመቸውም። ጉልበቱ በእግሩ ካልሆነ በብረቱ ሊሆን ግድ ነው። ግራ ክንዱ ላይ ጋሻ አለ፤ በዚያው በግራ መዳፉ ዛብ አለ፤ ቀኙ ጦር ይዟል። ጋሻውን ለመመከት ሲያነሣ ዛቡም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ ልጓሙ አንድ ሁለት ጣት ብቻ ሲንቀሳቀስ የሚሰማ መሆን ነበረበት። ይህን ሁሉ ዛሬ በዐይን ማየት የሚፈልግ ሰው የፈረስ ጉግስ ጨዋታን ይመልከት። አባራሪው ዘንጉን ሲወረውር፥ የሚሸሸው በጋሻው ሲመክትና ፈረሱን ባንድ አፍታ አዙሮ አባራሪ ሲሆን፥ የግራ እጁን ብቻ ማየት ይበቃል። በአዊ አገር የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያከብረው በዓል ይህ ጥበብ እንዳልጠፋ ይታያል።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ በሌላ ትርጉም ይነገራል። እኛ ግን ለዚህ ጥናት ቃል በቃል እንወስደዋለን። የሚዋጋው ሰውዬው ነው፤ ሰውዬው እንዲዋጋም ቀኝ እጁ ከፈረሱ ጉዳይ ነጻ መሆን አለበት። ልጓሙ የቀኝ እጅ ነጻነት ዋጋ ነው ብንል አልተሳሳትንም፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ፈረሱ ነው።

ክብርም አለበት። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር፤ የፈረሱ ስም የጌታው ስም ነው። በሠራዊት ፊት ፈረሱ አፉን ነጥቆ ይዞት የሸሸ ጌታ ስሙን ይዞ ሸሸ ማለት ነው። ወደ ኋላ ከሸሸ ፈሪ ይባላል፤ ብቻውን ወደ ጠላት ይዞት ከገባ ደግሞ ጀግና ይባል ይሆናል፥ ነገር ግን አይመለስም። እንግዲህ አጥብቆ የሚይዝ ብረት መፈለጉ አያስደንቅም።

ይህን ካልን በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ብርቱ ልጓም አስቸጋሪ ፈረስን በእውነት ይገታልን? መልሱ «ለአፍታ አዎን፥ ለዘለቄታው አይደለም» የሚል ነው። ፈረስ በተፈጥሮው ከሚያሳምመው ነገር የሚሸሽ እንስሳ ነው። ሕመሙ ከአፉ ውስጥ ከሆነ ግን ወዴት ይሸሻል? አንዱ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ብረቱ ከድዱ ላይ ወደ ከንፈሩ ጥግ እንዲንሸራተት ያደርጋል። ሌላው አፉን ይከፍታል፥ ምላሱን ከብረቱ በላይ ያወጣል። ሌላው አንገቱን ወደ ደረቱ አጥፎ ክንዶቹን በደረቱ ይደግፍና ልጓሙን ከንቱ ያደርገዋል። ክፉው የፊት እግሮቹን አንሥቶ ይቆማል። ያን ጊዜ የፈራ ፈረሰኛ በባለ ቀለበት ልጓም አጥብቆ ከሳበ ፈረሱ በጀርባው በላዩ ሊወድቅበት ይችላል። ብዙ ፈረስም ከሕመሙ ጋር እየሮጠ ሕመሙን ይጨምራል፤ ሕመሙ ሲጨምር ደግሞ ሩጫው ይብሳል። ሐውልትና ሥዕል የሚሠሩ ሰዎች አፉን ከፍቶ የሚቆም ፈረስ ይወዳሉ፤ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ግን በዚያ ምስል የሚያየው ጀግንነት ሳይሆን ከባድ እጅ ነው።

ይህን የጥንት ሰዎች አላጡትም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአቴና ሰው ክሴኖፎን ስለ ፈረሰኝነት በጻፈው መጽሐፍ አንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ልጓም ይኑረው ይላል፤ አንዱ ለስላሳ፥ ሁለተኛው ሾህ ያለው። ፈረሱ ሾሃሙን ጠልቶ መንከሱን ይተዋል፤ ከዚያ ለስላሳው ሲገባለት በሾሃሙ የተማረውን በለስላሳው ያደርጋል። በተጨማሪም ፈጽሞ በቊጣ ወደ ፈረስ አትቅረብ ብሎ ይመክራል። ለእርሱ ብርቱው ልጓም የመምህር አለንጋ ነበር፤ ታይቶ የሚሰቀል እንጂ በየቀኑ የሚመታበት አይደለም።

እኛ በተለይ የምናደንቀው ግን ከዚህ የተገላቢጦሽ የሆነውን የካሊፎርኒያን ሥርዐት ነው። የእስፓኝን ፈረሰኝነት የወረሱት የካሊፎርኒያ የከብት ጠባቂዎች ላንቃውን የሚነካ የአካፋ ቅርጽ ያለው ልጓም ነበራቸው፤ ሲያዩት ያስፈራል። ነገር ግን ፈረሱን መጀመሪያ ያለ ምንም ብረት፥ ከአፍንጫው በላይ በሚታሰር የጠፍር ማሰሪያ ብቻ ያስተምሩት ነበር። ከዚያ ማሰሪያውንና ልጓሙን አንድ ላይ ያደርጉለታል። ዓመታት አልፈው ትምህርቱ ሲፈጸም ብቻ ዛቡ በልጓሙ ላይ ይቀራል፤ ያኔም የሚሳብ ሳይሆን በክብደቱ ብቻ የሚንጠለጠል ነው። እዚያ ብርቱው ልጓም ለክፉ ፈረስ አይሰጥም፤ ትምህርቱን ለጨረሰ ፈረስና ለበሰለ እጅ የሚሰጥ የመጨረሻ ማዕረግ ነው።

አውሮጳ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶባታል። ፌዴሪኮ ግሪዞኔ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1550 ዓ.ም. በናፖሊ ባሳተመው መጽሐፍ ለየፈረሱ ጠባይ የሚስማማ የልጓም ሥዕል በብዛት ደርድሯል፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። የንጉሡ የ13ኛው ሉዊ መምህር ፕሉቪኔል ግን በለዘብታ ማስተማርን መረጠ። በ1733 ዓ.ም. መጽሐፉን ያወጣው ደ ላ ጌሪኒየርም ፈረሱን በሰውነት እንቅስቃሴ ማለዘብ እንጂ በብረት ማስገደድን አላስቀደመም።

ከአገራችን ታሪክ ለዚህ የሚሆን አንድ ምስክር አለን። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. ወደ ዐባይ ምንጭ ሲሄድ ከዳሞቱ ገዥ ከዋራኛ ፋሲል ሰፈር ደረሰ። ከፋሲል ሰዎችም አንድ ፈረስ ተሰጠው። ሲወጣበት ፈረሱ ይራገጥ፥ በፊት እግሩ ይነሣ፥ እንደ ሚዳቋ ይዘል ጀመር፤ ልጓሙን ነክሶም ሊሸሽ ቃጣ። ብሩስ በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚተርከው አንድ ጊዜ ብቻ አጥብቆ ሳበውና አንገዳገደው። ከዚያ ያደረገው ነገር ነው ቁም ነገሩ፤ ዛቡን ለቀቀለት። ፈረሱ መንገዱ ተከፈተልኝ ብሎ ሲሸሽ ወደ ዳገት አቀናው፤ በሁለት ኮረብታ መካከል እያወጣና እያወረደ ትንፋሹን እስኪጨርስ አደከመው። ሲመለስ ፈረሱ በግ ሆኖ ነበር። ብሩስ ራሱን ማመስገን የሚወድ ጸሓፊ ስለ ሆነ ጀግንነቱን ግማሽ ቀንሰን ብናነበው እንኳ የፈረሱ ነገር እውነት ይመስላል፤ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ የማይጽፈው ነውና። በፈረሱ አፍ የነበረው ልጓም የማንም ሥራ ቢሆን፥ ብረቱ የሠራው ለአንዲት ቅጽበት ነው፤ የቀረውን የሠሩት መልቀቅና ዳገት ናቸው።

እንግዲህ ባለ ቀለበቱ ልጓም ለተፈጠረበት ሥራ፥ ማለት ለአጭር የጦርነት ሰዓትና ለሠለጠነ ግራ እጅ፥ የሚገባ መሣሪያ ነበር ብለን እንፈርዳለን። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ድል የሆነው የኢጣልያ ጦር ሲሸሽ እየተከተሉ የወጉት ፈረሰኞች በአንድ እጅ ዛብ፥ በአንድ እጅ ጦር ይዘው ነበር። ያለዚህ ዐይነት ብረት እንዲያ በተቀጣጠለ ፈረስ ላይ መዋጋት አይቻልም። መጥፎ የሚሆነው መሣሪያው ከሥራው ሲለይ ነው። ዛሬ በየከተማው ጋሪ የሚስበው ፈረስ ወደ ጦርነት አይሄድም፤ ነጂውም ሁለት እጁ ነጻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይሳባል፥ ከዕረፍት የመጣ ቊጣም የለውም። ሆኖም ከንፈሩ ጥግ የቆሰለ የጋሪ ፈረስ ማየት ብርቅ አይደለም። ለእርሱ ሰፋ ያለ ለስላሳ ብረት ይበቃዋል። ይህ ከርኅራኄ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ አፉ የቆሰለ ፈረስ ሥራ አይሠራም፥ አፉ የደነደነም መኪና ሲመጣበት አይቆምም።

ስለ ማስረጃ አንድ ነገር እንጨምር። ብረት ይዝጋል፥ ይቀለጣል፤ ማረሻም ይሆናል። አጥንትና ጥርስ ግን ይናገራሉ። በልጓም የኖረ ፈረስ ብረቱን በመንከስ የመጀመሪያውን የመንጋጋ ጥርስ ጠርዝ ይሸርፈዋል፤ ጥርስ በሌለበት ድድ ላይም አጥንቱ ሊያብጥ ይችላል። ይህ ምልክት ግን ያለ ጥንቃቄ አይነበብም። ዴቪድ አንቶኒና ዶርካስ ብራውን በዩክሬን ደሬይቭካ የተገኘውን የአንድ ድንጉላ ጥርስ መርምረው የልጓም ምልክት አይተው ነበር፤ ፈረሱም ከ6,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖረ መስሎ ነበር። በኋላ አጥንቱ ራሱ በራዲዮካርቦን ሲመረመር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ700 እስከ 200 ባለው ዘመን የኖረ ሆኖ ተገኘ። ምልክቱ የልጓም ነበር፤ የዘመኑ ግምት ግን አልጸናም።

ስለዚህ በክረምት ወደ አገር ቤት የሚሄዱ ጓደኞቻችንን የምንለምነው ነገር አለ። በአያት ቤት ጣራ ሥር ወይም በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለ ቀለበት ልጓም ካገኙ አይጥረጉት፥ አያስወልውሉትም። የቀለበቱን የውስጥ ስፋት በሁለት አቅጣጫ፥ የቅስቱን ቁመት፥ የክንዶቹን ርዝመት በሳንቲ ሜትር ይለኩ። ፈረሱ ድንጉላ ወይስ ባዝራ እንደ ነበረ፥ የት ቦታ እንደ ተሠራም ይጠይቁ። ከሁሉም ይልቅ የዛቡን ቀለበቶች ይመልከቱ፤ አንዱ ከሌላው ይልቅ ተበልቶ እንደ ሆነ፥ ከተበላም የግራው ነው ወይስ የቀኙ የሚለው ጽሑፍ ሊሰጠን የማይችለውን ማስረጃ ይሰጠናል።